ጥቁሩ ስፍራ ባዶ አይደለም፦ በሽታ ተከላካይ ኅብረ ሕዋሳትን በምስል የማጥናት ጥበብ ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በጁን 2002 «ሳይንስ» የተሰኘው መጽሔት በአንድ እትሙ ሦስት አጫጭር የምርምር ጽሑፎችን አከታትሎ አወጣ። ሦስቱም በሕይወት የቆየ የአይጥ ኅብረ ሕዋስን፣ ይኸውም የሊምፍ ዕጢንና ታይመስን፣ ከውስጥ የሚያሳዩ ነበሩ። ከጽሑፎቹ ጋር በቀረቡት ተንቀሳቃሽ ምስሎች ላይ፣ በጥቁር መደብ መካከል ቀለም የተቀቡ ሊምፎሳይቶች ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ይታያል። በበሽታ መከላከል ሳይንስ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ በፎርማሊን ደርቆ፣ በሰም ተደፍኖ፣ ተቆርጦና ቀለም ተቀብቶ ይታይ የነበረው ኅብረ ሕዋስ በሥራው ላይ እንዳለ ታየ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመታት አልፈዋል፤ ጥበቡም እጅግ ገስግሷል። በአንድ ስስ ቁራጭ ላይ ሁለትና ሦስት ቀለም ብቻ ማየት የሚቻልበት ዘመን አልፎ፣ ዛሬ በአርባና በሃምሳ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች በአንድነት ይታያሉ። ይሁን እንጂ የምስል ኃይል የምስል አደጋም ነው። ሠንጠረዥ ያነበበ ሰው ይጠራጠራል፤ ምስል ያየ ግን በቀላሉ ያምናል። «ማየት ማመን ነው» የሚለው አነጋገር በላቦራቶሪም ሆነ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ይሠራል። ስለሆነም ምስል ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት ምን አሳየ ብቻ ሳይሆን ምን ሳይታይ ቀረ ተብሎም ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመስኩ የታወቁ ጥቂት ሥራዎችን በዚህ ጥያቄ መመዘን፣ ሚዛኑም በአንገቱ ላይ ዕጢ ይዞ ወደ ሆስፒታል ለሚመጣ ሕመምተኛ ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው።

ስፍራ ለምን ይጠናል?

የደም ምርመራ ሕዋሳትን ይቆጥራል፤ የት እንደሚኖሩና ከማን ጋር እንደሚጎራበቱ ግን አይናገርም። የሊምፍ ዕጢ ደግሞ ሊምፎሳይቶች እንዲሁ የተሞሉበት ከረጢት አይደለም። ከቅርፊቱ ሥር ቢ ሊምፎሳይቶች ክብ ክብ ሠርተው የሚሰባሰቡባቸው ፎሊክሎች አሉ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ቲ ሊምፎሳይቶች የሚበዙበት ፓራኮርቴክስ፣ ከመካከሉም ሜዱላ ይገኛል። ሊምፎሳይቶች ከደም ወደ ዕጢው የሚዘልቁት ለዚሁ በተለዩ ጥቃቅን ደም መላሾች በኩል ሲሆን፣ ከቆዳና ከሌላው አካል አንቲጅን ይዞ የሚመጣው ሊምፍ ግን በሌላ በር ይገባል።

ይህ አደረጃጀት ጌጥ አይደለም። አንድን የተወሰነ የአንቲጅን ክፍል ለይተው የሚያውቁ፣ ገና ያልነቁ ቲ ሊምፎሳይቶች በአንድ አይጥ መላ አካል ውስጥ ከጥቂት አሥሮች እስከ ጥቂት መቶዎች ቢሆኑ ነው። እነዚህ ጥቂቶች አንቲጅኑን ተሸክሞ ከመጣው ዴንድሪቲክ ሕዋስ ጋር በጊዜው ካልተገናኙ መከላከል አይጀመርም። መገናኛውን ስፍራ የሚያዘጋጀው አደረጃጀቱ ነው።

አደረጃጀቱ ሲፈርስ የሚሆነውን የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና በሚገባ አሳይቷል። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት፣ በቫይረሱ በተያዙ ሰዎች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ የሚከማቸው የኮላጅን ጠባሳ በበዛ መጠን የሲዲ4 ቁጥር ዝቅተኛ እንደሆነ፣ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም የሚያገግመው በዚያው መጠን አነስተኛ እንደሆነ አመለከተ። የደሙ ቁጥር ማነሱን ብቻ ይናገር ነበር፤ ለማነሱ አንድ ምክንያት ሊሆን የሚችለውን ነገር የገለጠው ግን የዕጢው ቁራጭ ነው። ስፍራን ማጥናት ለሐኪም ቅንጦት አለመሆኑን ለማስረዳት ይህ ብቻ ይበቃል።

ጥቁሩ መደብ

የ2002ቱን ሥራ ያስቻለው ዋነኛ መሣሪያ ባለ ሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ ነው። ሐሳቡን ማሪያ ጎፐርት ማየር እ.ኤ.አ. በ1931 በቀመር አስቀመጠችው፤ ዊንፍሬድ ዴንክ፣ ጄምስ ስትሪክለርና ዋት ዌብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 በማይክሮስኮፕ ላይ አዋሉት። አሠራሩ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ጉልበታቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች በአንድ ቅጽበት አንድን ሞለኪውል ሲመቱ ብቻ ሞለኪውሉ ያበራል። ይህ የሚሆነው ጨረሩ በተሰበሰበበት ነጥብ ላይ ብቻ በመሆኑ፣ በዙሪያው ያለው ኅብረ ሕዋስ ብዙም አይጎዳም፤ ዕይታውም ወደ ውስጥ ጥቂት መቶ ማይክሮሜትር ይዘልቃል።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የሚገኙት የማይክል ካሃላንና የኢያን ፓርከር ባልደረቦች በዚህ መሣሪያ ያዩት ነገር አስገራሚ ነበር። ቲ ሊምፎሳይቶች በደቂቃ በአማካይ ወደ 11 ማይክሮሜትር፣ ቢ ሊምፎሳይቶች ደግሞ ወደ 6 ማይክሮሜትር ይጓዛሉ። አቅጣጫቸው አስቀድሞ የሚታወቅ አይደለም፤ ጥቂት ሄደው ይገታሉ፣ ዞረው በሌላ አቅጣጫ ይቀጥላሉ። በመሆኑም ጉዞው በስታቲስቲክስ አነጋገር የዘፈቀደ ጉዞ ተባለ። ቲ ሊምፎሳይትና ዴንድሪቲክ ሕዋስ የሚገናኙት፣ በጨለማ ሜዳ ላይ እንደሚንከራተቱ ሁለት መንገደኞች፣ በአጋጣሚ ነው የሚል ግንዛቤም ተከተለ።

ትችት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ምስል ውስጥ ቀለም የተቀቡት ሊምፎሳይቶቹ ብቻ ነበሩ። በመካከላቸው ያለው ጥቁር ስፍራ ባዶ ሆኖ የታየው በእርግጥ ባዶ ስለሆነ ሳይሆን፣ ማንም ስላልቀባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ማርክ ባዤኖፍ፣ ሮናልድ ጀርሜይንና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ጥቁር ስፍራ አበሩት። የሬቲኩለር ፋይብሮብላስት መረብ ሲታይ፣ ሊምፎሳይቶቹ በባዶ ሜዳ የሚዋኙ ሳይሆኑ በመረቡ ክሮች ላይ ተጣብቀው የሚሄዱ መሆናቸው ተገለጠ። ዴንድሪቲክ ሕዋሳትም የሚገኙት በዚሁ መረብ ላይ ነው። ሜዳ የተባለው ነገር መንገድ ያለው ሆኖ ተገኘ።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ግን አንድ ነገር መታከል አለበት። የ2002ቱ ልኬት አልተሻረም፤ ፍጥነቱም፣ የአቅጣጫው ዘፈቀደነትም በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ጸንተዋል። መንገዱ ብዙ መገንጠያ ስላለው፣ በየመገንጠያው የሚመረጠው አቅጣጫ አሁንም አስቀድሞ አይታወቅም። የተሻረው ልኬቱ ሳይሆን፣ ያልተቀባውን እንደሌለ የቆጠረው ትርጓሜ ነው። ይህ ልዩነት የምስል ጥናትን ለሚያነብ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የሚመለከተው ምስሉ የተነሣበትን ሁኔታ ነው። የእነ ካሃላን ዕጢ ከአይጧ አካል ወጥቶ በሞቀና ኦክስጅን በበዛበት ፈሳሽ የተቀመጠ ነበር። ሙቀቱ ወይም ኦክስጅኑ ቢጓደል ሊምፎሳይቶቹ ይዝላሉ፤ ይቆማሉም። የቆመውን ያየ ተመራማሪ «ሕዋሱ መረጋጋትን መርጧል» ቢል የሚጽፈው ስለ ላቦራቶሪው እንጂ ስለ ሕይወት አይደለም። ይህንን ሥጋት ያስወገደው ቡድኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 በሰመመን ባለች ሕያው አይጥ ላይ ልኬቱን ደግሞ ተመሳሳይ ፍጥነት በማግኘቱ ነው። መልካም ሳይንስ የሚባለው እንዲህ ያለው ራስን መልሶ የመፈተን ልማድ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት የቁጥር ነው። አንድ አንቲጅንን የሚለዩት ሊምፎሳይቶች በተፈጥሮ እጅግ ጥቂት በመሆናቸው በማይክሮስኮፕ መስክ ውስጥ አንዱንም ለማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ተቀባይ ያላቸውን ሕዋሳት በሚሊዮን እየቆጠሩ ለአይጧ ይሰጣሉ። ጥቂት እንግዶች በሚጠበቁበት ቤት ሕዝብ ሲገባ፣ የቤቱ ሥርዓት እንደ ወትሮው ይቀጥላል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ከዚህም ሌላ የጥቂት መቶ ማይክሮሜትር ጥልቀት ለአይጥ ዕጢ ብዙ ቢሆንም፣ አንድ ሴንቲሜትር ለሚሆነው ለሰው ዕጢ ግን ከቅርፊቱ ብዙም አያልፍም።

እነዚህ ሁሉ ጉድለቶች የጥበቡን ዋጋ አያሳንሱም። ያለ ተንቀሳቃሽ ምስል ከቶ ሊታወቅ የማይችል ነገር አለና። ቶርስተን ሜምፔል፣ ኡልሪክ ፎን አንድሪያንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት፣ ቲ ሊምፎሳይት የሚነቃው በሦስት ምዕራፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ከብዙ ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ጋር አጫጭር ግንኙነት ያደርጋል፤ በቀጣዮቹ 12 ሰዓታት ከአንዱ ጋር ጸንቶ ይቆያል፤ በሁለተኛው ቀን ተላቅቆ ይሮጣል፣ ይባዛልም። በአንድ ሰዓት ላይ የደረቀ ቁራጭ ከሦስቱ ምዕራፎች አንዱን ብቻ ያሳይ ነበር። ያንንም ያየ ሰው የነገሩ ሁሉ መልክ እርሱ ነው ብሎ ይደመድም ነበር።

የግራኑሎማው ግድግዳ

ለቲቢ ሐኪም ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው የግራኑሎማ ጉዳይ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ግራኑሎማ ባሲሉን ከብቦ የሚያስር ግድግዳ ተደርጎ ሲገለጽ ኖሯል። ይህ ግንዛቤ የመጣው ከደረቀ ቁራጭ ነው፤ ከቁራጩ ላይ ማክሮፋጆች በመካከል፣ ሊምፎሳይቶች በዙሪያ ተደርድረው ሲታዩ አጥር መምሰላቸው አይቀርም።

ተንቀሳቃሹ ምስል አጥሩን አናወጠው። ጃክሰን ኢገንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 በአይጥ ጉበት ውስጥ ቢሲጂ ያስነሣውን ግራኑሎማ ሲመለከቱ፣ ማክሮፋጆቹ ከሞላ ጎደል በያሉበት ጸንተው ሲቆዩ፣ ቲ ሊምፎሳይቶች ግን በመካከላቸው ያለማቋረጥ ይመላለሱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሙዝ ዴቪስና ላሊታ ራማክሪሽናን ዜብራፊሽ በተባለችው ዓሣ ግልገል ላይ፣ አካሏ ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ፣ ከዚህም የባሰ ነገር አዩ። ባሲል ያለበት ማክሮፋጅ ሲሞት አዳዲስ ማክሮፋጆች እየተጣደፉ መጥተው ይውጡታል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ባሲሉን ይዘው ወጥተው ሌላ ስፍራ አዲስ ግራኑሎማ ይመሠርታሉ። ቢያንስ በበሽታው መነሻ ላይ ግድግዳ የተባለው ለባሲሉ መባዣና መሰራጫ ሆኖ ተገኘ።

እዚህም ላይ ጥቁሩ ስፍራ መፈለግ አለበት። ቢሲጂ ክትባት እንጂ በሽታ አምጪው ባሲል አይደለም፤ ጉበትም ሳንባ አይደለም። የዓሣዋ ግልገል ደግሞ በዚያ ዕድሜዋ ሊምፎሳይቶች ገና የሏትም፤ የምታሳየውም ሊምፎሳይት የሌለበትን መነሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሥራዎች ግድግዳ የሚለውን ምሳሌ ለመጠራጠር በቂ ምክንያት ሲሰጡ፣ በሰው ሳንባ ውስጥ ለወራት የቆየ ግራኑሎማ ምን እንደሚመስል ግን አይናገሩም።

ወደ ሰው የቀረበው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ኤሪን ማካፍሪ፣ ማይክል አንጄሎና ባልደረቦቻቸው ቲቢ ከነበረባቸው ሰዎች በተወሰደ ኅብረ ሕዋስ ላይ 37 ፕሮቲኖችን በአንድነት በማየት፣ 19 የሕዋስ ዓይነቶችን በ8 የአካባቢ ዓይነቶች ላይ አሰፈሩ። በግራኑሎማው ውስጥ የኢንተርፌሮን ጋማ ምልክት አነስተኛ ሆኖ፣ ፒ.ዲ.ኤል.-1 የተባለውን ፕሮቲን የያዙ ማይሎይድ ሕዋሳት ግን በዝተው ተገኙ። ይህ ፕሮቲን ፒ.ዲ.-1 ከተባለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ቲ ሊምፎሳይትን የሚገታ ፍሬን ነው። የጥናቱ ብርታት በምስሉ አለመወሰኑ ነው፤ ያዩትን ከደም ናሙና መረጃ ጋር አስተያይተዋል።

ይሁን እንጂ ይህን ምስል ያየ ጥድፊያ ያለበት አንባቢ «እንግዲያው ፍሬኑን ማንሣት ቲቢን ይፈውሳል» ማለቱ አይቀርም። ማስረጃው የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ፒ.ዲ.-1 የሌላቸው አይጦች በቲቢ ፈጥነው እንደሚሞቱ አሳየ። ለካንሰር ሕክምና ይህንኑ ፍሬን የሚያነሣ መድኃኒት ከወሰዱ ሰዎች መካከልም ቲቢ የተቀሰቀሰባቸው እንዳሉ ተዘግቧል። ፍሬኑ እዚያ የተገኘው ባሲሉን ሊረዳ ብቻ ሳይሆን፣ ሳንባውን ከራሱ ከመከላከያው ቃጠሎ ሊጠብቅም ይችላል። ምስል አንድ ነገር የት እንዳለ ያሳያል፤ ለምን እንዳለ ግን አይናገርም። ለምን የሚለው የሚታወቀው ነገሩን አንሥቶ ወይም አክሎ በመፈተን ነው።

ሰፈሮቹን የሚሰይመው ማን ነው?

የቅርቡ ዘመን ሥራዎች ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጋሪ ኖላን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፣ ከ35 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕመምተኞች በተወሰዱ 140 የኅብረ ሕዋስ ክፍሎች ላይ 56 ምልክቶች ታዩ፤ በሽታ ተከላካይና የካንሰር ሕዋሳትም በ9 «ሰፈሮች» ተመደቡ። በአንዱ ሰፈር ውስጥ ብቻ የሚገኙ የተወሰኑ ቲ ሊምፎሳይቶች መብዛት፣ ብርቱ አደጋ ካለባቸው ሕመምተኞች መካከል ረዘም ካለ ዕድሜ ጋር ተዛመደ። ተመሳሳይ ሕዋስ በሌላ ሰፈር ሲገኝ ይህ ዝምድና አልታየም። የሕዋሱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን አድራሻውም ዋጋ እንዳለው ያመላከተ በመሆኑ፣ ጥናቱ የተሰጠው ክብር የሚገባው ነው።

ነገር ግን ሰፈሮቹን ዓይን አላያቸውም፤ ኮምፒውተር ነው የከፈላቸው። ስንት ሰፈር ይኑር፣ ጎረቤት የሚባለውስ ስንት ሕዋስ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ተመራማሪው ነው። ወሰኑ ቢቀየር ካርታው ይቀየራል። በሁለተኛ ደረጃ፣ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ቢለኩም ሰዎቹ 35 ናቸው። የሕዋስ ብዛት የሰውን ማነስ አይተካም፤ ከአንድ ሰው የተወሰዱ መቶ ሺህ ሕዋሳት የሚመሰክሩት ስለዚያ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ግኝት ለሕክምና ውሳኔ ከመዋሉ በፊት በሌላ ሆስፒታል፣ በሌሎች ሕመምተኞች ላይ መደገም ይኖርበታል።

ከመርፌ እስከ ሰም

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል ለሚሠራ ባለሙያ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የአደረጃጀት ጥያቄ በየቀኑ የሚነሣው በእርሱ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢ ድርሻ ከፍተኛ ሲሆን፣ ከእርሱም ዋነኛው የሊምፍ ዕጢ ቲቢ ነው። የአንገት ዕጢ ይዞ የመጣ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚደረግለት በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ነው። ይህ ዘዴ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ቀዶ ሕክምናም አይሻም። ባሲሉ ከታየ፣ ወይም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ለዕጢ ናሙና የደገፈው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ቲቢን ካሳየ፣ ጉዳዩ በአመዛኙ ይቋጫል።

መርፌው የማያመጣው ነገር ግን አለ፤ እርሱም አደረጃጀቱ ነው። መርፌ ሕዋሳቱን ከሰፈራቸው ነቅሎ በስላይድ ላይ ይበትናቸዋል። ፎሊክል ከፎሊክል፣ ድንበር ከድንበር አይለይም። በፎሊክል መልክ የሚያድገውን ሊምፎማ ለበሽታ ምላሽ ብሎ ካበጠ ጤናማ ዕጢ የሚለየው ደግሞ በአመዛኙ ይኸው አደረጃጀት ነው። የሆጅኪን ሊምፎማ ይበልጥ አታላይ ነው። የበሽታው ምልክት የሆኑት ትላልቅ ሕዋሳት በአብዛኛው ከዕጢው ሕዋሳት አንድ በመቶ ያህል ቢሆኑ ነው፤ የተቀሩት እነርሱን የከበቡ ጤናማ በሽታ ተከላካዮች ናቸው። በዚያው ዕጢ ውስጥ ግራኑሎማ ሊኖርም ይችላል። ስለዚህ ባሲል ሳይገኝ በመርፌ ናሙና ላይ ግራኑሎማ ብቻ መታየቱ ሊምፎማን አያስቀርም። በዚህ ላይ ተመርኩዞ ለወራት የቲቢ መድኃኒት የሚሰጠው የሊምፎማ ሕመምተኛ፣ ሊድን በሚችልበት ወቅት ጊዜውን ያጣል።

በተቃራኒውም ስህተት አለ። በትክክል ቲቢ የሆነ ዕጢ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ሊያብጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መቸኮልም አይገባም። በሁለቱም አቅጣጫ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ግምት ሳይሆን ኅብረ ሕዋስ ነው፤ ይኸውም ከተቻለ ሳይጨፈለቅ ሙሉውን የወጣ ዕጢ። ከብሽሽት ይልቅ የአንገት ወይም ይበልጥ የተለወጠው ዕጢ ቢመረጥ ይሻላል፤ የብሽሽት ዕጢ በጤናማ ሰውም ብዙ ጊዜ ያብጣልና። የተወሰነው ክፍል ፎርማሊን ሳይነካው ለጂን ኤክስፐርትና ለባክቴሪያ ማሳደጊያ መቀመጥ አለበት፤ ፎርማሊን የገባበት ባሲል አያድግምና።

ፓቶሎጂስቱም የራሱ ጥቁር ስፍራ አለበት። 4 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው አንድ ቁራጭ፣ አንድ ሴንቲሜትር ከሚሆን ዕጢ ከ2,500 እጅ አንዱ ነው። ከሰሙ ውስጥ ወርቁን እንዲያገኝ የሚረዳው በመጠየቂያ ቅጹ ላይ የሚጻፈው ታሪክ ነው፤ የሕመምተኛው ዕድሜ፣ ዕጢው የቆየበት ጊዜ፣ የኤች.አይ.ቪ. ሁኔታ፣ የክብደት መቀነስ፣ ከዚህ በፊት የወሰደው መድኃኒት። ባዶ ቅጽ ይዞ የሄደ ዕጢ ለፓቶሎጂስቱ ከጥቁር መደብ ላይ እንደተቀባ ነጥብ ነው፤ ይታያል፣ በምን ላይ እንደቆመ ግን አይታወቅም።

ማጠቃለያ

በምስል የተደገፈ ጥናት ሲነበብ አራት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። የተቀባው ምንድን ነው፣ ሳይቀባ የቀረውስ? ኅብረ ሕዋሱ የታየው በምን ሁኔታና በስንተኛው ሰዓት ነው? ምስሉ የመጣው ከስንት ሰው ወይም እንስሳ ነው? በስፍራው መገኘቱ የታየው ነገር ሥራውም በሙከራ ተፈትኗልን? ከላይ የተነሡት ሥራዎች ሁሉ ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ጎድለዋል፤ ዋጋቸው ግን የቀጣዩ ሥራ ያንን ጉድለት እንዲሞላ መንገድ መክፈታቸው ነው። የ2002ቱን ጥቁር መደብ የ2006ቱ አበራው።

የሕመምተኛው ጉዳይ ግን የአራት ዓመት ጊዜ አይሰጥም። የመርፌው ናሙና መልስ ከሕመሙ ሂደት ጋር ካልተስማማ፣ ሐኪሙ ዕጢው ወጥቶ እንዲታይ መጠየቅ ያለበት በዚያው ሳምንት ነው።